ያልተረከብኩት ጽዋ

እትዬ በላይነሽ መሞቷን የሰማሁት ከሰው አፍ አይደለም። የማኅበራችን የስልክ ግሩፕ ላይ የሻማ ሥዕል ተደርድሮ አየሁ። አንዱ አንድ ሻማ ልኳል፣ ሌላው ሁለት፣ ሦስተኛው ሻማ ከእርግብ ጋር። ከሥሩ «እናታችን»፣ «የስደተኞች ብርሃን»፣ «ቅድስት ሴት» ተብሎ ተጽፏል። ስልኩን ወንበር ላይ ወርውሬ የደንበኛዬን ፀጉር መጠቅለል ቀጠልኩ፤ የጠቀለልኩትን ግን መልሼ ፈታሁት። ደንበኛዬ ዘመድ የሞተብኝ መስሏት ታጽናናኝ ጀመር። ሐዘን ብቻ ቢሆን ኖሮ ማጽናናቷን በተቀበልኩ ነበር። እኔን የያዘኝ ግን መጸየፍ ነው።

ያን ሻማ የላከ ሰው ሁሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ ከስድስት ዓመት በፊት እትዬ በላይነሽን ከማኅበር ያስወጣ ሰው ነው። ማን እጁን እንዳወጣ አውቃለሁ፤ ስብሰባው እኔ ፀጉር ቤት ነበር። እኔም እጄን አውጥቻለሁ።

እትዬ በላይነሽ እዚህ ጅቡቲ፣ ሀራሙስ ሰፈር ውስጥ፣ ባሕሩ ዳር ካሉት ቪላዎች ባንዱ፣ እያበሰለችና እያጠበች ሃያ ዓመት የኖረች ሴት ናት። አሠሪዎቿ ፈረንጆች ነበሩ፤ የሥራ ዘመናቸው ሲያልቅ ቤቱን ለተተኪዎቻቸው ያስረክባሉ፣ እሷንም አብረው። «እኔ እንደ ፍሪጁ ነኝ፤ ቤቱ ሲከራይ አብሬ ነው የምከራየው» እያለች ትስቅ ነበር። ቁመቷ አጭር፣ ትከሻዋ ሰፊ ነበር። እጇ ሁልጊዜ እርጥብ ስለሆነ ሻሿን የምትገፋው በእጅ አንጓዋ ነው። ይህ ልማድ ስለተዋሐዳት ቤተ ክርስቲያን ቆማ እንኳ፣ እጇ ደረቅ ሆኖ፣ ሻሿን በአንጓዋ ወደ ኋላ ስትገፋ አይቻታለሁ።

ማንበብና መጻፍ አትችልም። ጥቅስ አትጠቅስም፤ ጥቅሱን እኛ ነበርን የምንጠቅሰው። የሷ ጸሎት «እመቤቴ፣ ዛሬንም አብረን» የምትል ብቻ ናት፤ እሷን ካለች በኋላ ወደ ሥራዋ ትገባለች። አርብ የዕረፍት ቀኗ ነው። ሌሎቹ የቤት ሠራተኞች አርብ ሲሆን ይተኛሉ ወይ እኔ ጋ መጥተው ፀጉራቸውን ይሠራሉ። እሷ ግን ያገለገለ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሁሉ ውኃ ሞልታ፣ ዳቦ በፌስታል ይዛ፣ በሚኒባስ ናጋድ ትወርዳለች። እዚያ ባቡር ጣቢያው አካባቢ ወደ የመን ሊሻገሩ የመጡ፣ ተሻግረው የተመለሱ፣ መሻገሪያም መመለሻም ያጡ ልጆች ዛፍ ጥላ ሥር ተደርድረው ይውላሉ። ውኃውን ታድላለች፣ ስማቸውን ትጠይቃለች፣ አገራቸውን ትጠይቃለች፣ እናታቸው በሕይወት አለች ወይ ብላ ትጠይቃለች። የእናታቸውን ስም በሚቀጥለው አርብ አትረሳም። በቃ፣ ስብከቷ ይኸው ነበር።

በኛ ሰፈር፣ ካርቲየ 6 ውስጥ፣ ከኔ ፀጉር ቤት ሁለት በር አልፎ፣ አንዲት ክፍል ተከራይታ ነበር። ዕቃ ማስቀመጫዬ ናት ትላለች። ዕቃ የምትለው ሰው መሆኑን ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር። አሠሪዋ ያባረረቻት ልጅ፣ ደላላ ጥሎት የጠፋ፣ ካንድ ሰው አርግዛ የተደበቀች፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል።

ስለ ራሴ ብዙ አላወራም፤ አንድ ነገር ግን ካልተናገርኩ ታሪኩ አይገባም። እኔ የሚቀፈኝ ነገር ብዙ ነው። በሰው ብርጭቆ አልጠጣም። ሚኒባስ ውስጥ ብረቱን የምይዘው በሶፍት ነው። ፀጉር ሠሪ ሆኜ ጓንት ሳላደርግ የሰው ራስ ነክቼ አላውቅም። እናቴ ልጅ ሆኜ «ይህቺ ልጅ የተወለደችው ከሰው መሆኑን ማን ይንገራት» ትለኝ ነበር።

ታዲያ በዚህ አመልሽ ጽዋ ማኅበር ምን ወሰደሽ የሚል አይጠፋም። በየወሩ በሃያ አንድ የማርያም ማኅበር አለን። ሃያ ሰዎች ነን፤ ሁላችንም ካንድ ጽዋ እንቀምሳለን። የጅቡቲ ሙቀት ጠላውን ስለሚያኮመጥጥብን የምንቀዳበት ብርዝ ነበር። እኔ ጽዋውን ከንፈሬ ላይ አስጠግቼ፣ የጠጣሁ መስዬ፣ ለቀጣዩ አሳልፋለሁ። ያወቀችብኝ እትዬ በላይነሽ ብቻ ናት። አንድ ቀን ጆሮዬ ሥር መጥታ «ግድ የለሽም፣ ማርያም ጉንጭ አትቆጥርም» አለችኝ። ለማንም አልተናገረችብኝም።

ማኅበሩ ውስጥ የገባሁት ለነፍሴ ብዬ ነው ብል እዋሻለሁ። እዚህ አገር ዘመድ የለንም። ስንታመም የሚጠይቀን፣ ስንሞት የሚቀብረን ማኅበሩ ነው። በሰው ቤት የምትኖር ሴት ደግሞ ከዚህ የበለጠ የሚያስፈራት ነገር የለም። ሠራተኞቹ ፀጉር ሲሠሩ ስሰማቸው፣ ምን እበላለሁ ከሚሉት ይልቅ ማን ይቀብረኛል የሚሉት ይበዛል። ስለዚህ ሁሉም ተራውን ይጠብቃል። የዕለቱ ደጋሽ ሲጨርስ ጽዋውን በጨርቅ ጠቅልሎ ለቀጣዩ ተረኛ ያስረክባል፤ ተረኛው ተቀብሎ ቤቱ ይወስዳል፣ እስከ መጪው ሃያ አንድ ያስቀምጠዋል። ጽዋ አልረከብም ያለ ተረኛ አይቼም ሰምቼም አላውቅም ነበር፣ እኔ ራሴ እስካደረግሁት ድረስ።

ከማኅበር ባስወጣናት ዓመት፣ እትዬ በላይነሽ አንድ አርብ ከናጋድ ስትመለስ ልጅ ይዛ መጣች። ይዛ መጣች ስል ተሸክማ ማለቴ ነው። ልጅቱ ሰዓዳ ትባላለች፣ የወሎ ልጅ ናት። በእግሯ በረሃውን ስታቋርጥ ድንጋይ እግሯን ሰንጥቋት፣ ቁስሉ አመርቅዞ፣ ደላላው ከነሕይወቷ ዛፍ ሥር ጥሏት ሄዷል። ከሚኒባሱ ሲወርዱ እኔ በሬ ላይ ቆሜ ነበር። ሽታው ቀድሟቸው ደረሰ። በጨርቅ የተጠቀለለው እግር ላይ ዝንብ ሰፍሯል፤ ጨርቁ ሥር የሚንቀሳቀስ ነገር አየሁ፣ ትል ነበር። በሬን ዘግቼ መስኮቱንም ደገምኩ።

ክሊኒክ ወሰደቻት። ሐኪሙ መድኃኒት ሰጥቶ፣ ቁስሉ በየቀኑ ካልታጠበ እግሯ ይቆረጣል አለ። በየቀኑ ማን ይጠብ? እትዬ በላይነሽ አዳሯ ሀራሙስ ነው። ልጅቱ ሰው የላትም።

የዚያ ወር ሃያ አንድ አርብ ዋለ፤ ተረኛዋም እትዬ በላይነሽ ነበረች። ቤት ስለሌላት በዚያችው ክፍል ደገሰች። ወለሉን፣ ግድግዳውን፣ በሩን ሁሉ በሎሚ ፈትጋ አጥባዋለች፤ ለሽታ የምታውቀው መድኃኒት ሎሚ ነበር። ክፍሉ መሐል መጋረጃ ተሰቅሏል። ካህኑ ጸሎት አደረሱ፣ ጸበል ጻዲቁን ባርከው ቀምሰው፣ ሌላ ማኅበር ይጠብቃቸው ስለነበር ቀድመው ወጡ። እሳቸው መቅመሳቸውን አስታውሱልኝ።

እሳቸው እንደወጡ የማኅበራችን ሙሴ፣ ማለት አለቃችን፣ አቶ ደምሴ አፍንጫውን ሸበሸበ። ትራንዚት ቢሮ ያለው፣ ሸሚዙ ላይ እጥፋት የማይታይበት ሰው ነው። ምን ሞቶ ነው ብሎ ጠየቀ። እትዬ በላይነሽ ምንም አልሞተም ብላ መጋረጃውን ገለጠችው። ሰዓዳ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። ሁላችንም ስናያት ነጠላዋን እግሯ ላይ ጎተተች።

«ሃያ ነን» አለች እትዬ በላይነሽ፣ «አንድ ሰው በሃያ ቀን አንድ ጊዜ ቢደርሰው ይህ እግር ይተርፋል። እንደ ጽዋው በተራ እናድርገው ብዬ ነው።»

አቶ ደምሴ የልጅቱን ስም ጠየቀ። ስሟን ሲሰማ ዞር ብሎ እኛን አየንና ክርስትና ለመነሣት ፈቃደኛ መሆኗን ጠየቀ።

«እሱን እሷ ታውቃለች። እኔ የለመንኳችሁ እግሯን ነው።»

ከዚያ ሰው መውጣት ጀመረ። አንዷ ስልክ ተደወለላት፣ አንዱ የወደብ ሥራ ትዝ አለው፣ ሌላዋ ልጅቱ ፊት ቆማ ማርያም ትማርሽ ብላ በነጠላዋ አፍንጫዋን ይዛ ወጣች። የተባረከውን ዳቦ የቀመሰ የለም። ሰዓዳ አማርኛ እንደማትሰማ ሁሉ ፊቷ ላይ ስለ ሽታው ይነጋገሩ ነበር። ሥጋ ቤት ውስጥ ስለተንጠለጠለ ሥጋ የሚያወሩ ነበር የሚመስሉት።

ቀጣይዋ ተረኛ እኔ ስለሆንኩ መውጣት አልቻልኩም። እትዬ በላይነሽ ጽዋውን ጠቅልላ በሁለት እጇ ዘረጋችልኝ። ያን እግር ያጠበው እጅ ነው። ጨርቁ ራሱ የሸተተ መሰለኝ። «ታጥቦ ይላክልኝ» አልኩ። አዎ፣ እንዲህ ነው ያልኩት፣ እንደ ልብስ።

አልተቆጣችም። «በአፍሽ ተንፍሺ ሸዋዬ» አለችኝ። «አፍንጫ እንደ አዲስ ሠራተኛ ነው፤ ሦስት ቀን ያኮርፋል፣ ከዚያ ይለምዳል።»

እጇ እንደተዘረጋ ጥያት ወጣሁ። ደጅ ደርሼ አስመለሰኝ።

በሳምንቱ አቶ ደምሴ ስብሰባ ጠራ። የኔ ፀጉር ቤት ንጹሕ ነው ተብሎ ተመረጠ። የማኅበሩን ሥርዓት አጉድላለች፣ የማርያምን ድግስ አርክሳለች ተባለ። አቶ ደምሴ ስለ ፍቅር የሚናገር ጥቅስ ጠቅሶ እጅ አስወጣን። ጽዋው ደግሞ እዚያው ስለቀረ አዲስ ይገዛ ተባለ፤ ብርማ፣ ክዳን ያለው፣ በጣም የሚያምር ጽዋ ተገዛ። እኔ ጎረቤት ነሽ ተብዬ ውሳኔውን እንድነግራት ተላክሁ።

ስነግራት ጉልበቷ ሥር ሳፋ ነበር፤ የልጅቱን እግር እያጠበች ነው። ቀና አላለችም። እጇ ግን ውኃው ውስጥ ቆመ። «እንግዲህ ስሞት የሚቀብረኝ የለም ማለት ነው?» አለች። ድምፅዋ እንደዚያ ሲያንስ ሰምቼ አላውቅም። ያን ሁሉ ዓመት በሰው ቤት ስትኖር የነበራት ነገር ያ ማኅበር ብቻ ነበር፤ ያንን ለአንድ ለማታውቀው እግር ሰጠችው። ሻሿን በአንጓዋ ገፋ አደረገች። «እመቤቴ፣ ዛሬንም አብረን» ብላ ወደ እግሩ ተመለሰች። ልወጣ ስል ከኋላዬ «ጽዋው አለ» አለችኝ፤ «ተራው ያንቺ ነው፣ ስትፈልጊ ውሰጂ።»

ከዚያ በኋላ ሦስት ወር ሙሉ፣ አሠሪዋ ማዳም ከመነሣቷ በፊት፣ ጎሕ ሲቀድ ከሀራሙስ እየመጣች ያን እግር አጥባ ወደ ሥራዋ ትመለስ ነበር። ሚኒባስ ስታጣ በእግሯ ትመጣለች። እኔ ሁለት በር አልፎ፣ ከፀጉር ቤቱ ጀርባ አልጋዬ ላይ ሆኜ፣ የሳፋው ውኃ ቦይ ላይ ሲደፋ እሰማለሁ። ሃያ እርምጃ እንኳ አይሞላም ነበር። አንድ ቀን ሕሊናዬ ሲያስቸግረኝ ምን ያደረግሁ ይመስላችኋል? የቤት ሽቶ ገዝቼ ላክሁ፤ የሚነፋውን። ዛሬ ሳስበው ከትሉ ይልቅ የሚቀፈኝ ያ ሽቶ ነው። እሷ ግን መንገድ ላይ አግኝታኝ አመሰገነችኝ። የልብስ ሽቶ መስሏት ሸሚዟ ላይ ነፍታው ማዳም ወዳዋለች።

የሰዓዳ እግር አልተቆረጠም። ሁለት ጣት አጥታ፣ እያነከሰች ቆመች። ያን ጊዜ ብዙ ሰው ተአምር ነው አለ። ተአምር አይደለም፤ እጥበት ነው። ልጅቱ በኋላ ሰው ቤት ተቀጥራ ገባች፣ አርብ አርብ ግን ወደዚያች ክፍል ትመጣ ነበር። መስጊድ ደርሳ ትመጣና ከእትዬ በላይነሽ ጋር ለአዲሶቹ ስደተኞች ውኃ ትሞላለች።

በዚህ ሁሉ ዓመት እትዬ በላይነሽ ከሰላምታ አልጎደለችብኝም። እኔ ነበርኩ ዓይኗን የምሸሽ።

የሞተችው በዕረፍት ቀኗ፣ በነሐሴ፣ በዚያችው ክፍል ነው። እንደ አጋጣሚ ያን ሳምንት ክፍሉ ባዶ ነበር፤ ሰዓዳንም አሠሪዎቿ አልለቀቋትም። በማግስቱ ስትመጣ በሩ አልከፈት አላት። መብራት ጠፍቶ ማራገቢያው ቆሟል፣ የጋለ የበረሃ ነፋስ ይነፍሳል። ሐኪም መጥቶ አይቶ ልቧ ነው ብሎ ወረቀት ሰጠ። የቀረው አጥቦ መግነዝ ነው።

ደንበኛዬን ሸኝቼ ደጁ ላይ ስደርስ ማኅበሩ ሙሉ መጥቷል። ፎቶዋ የታተመበት ቲሸርት ለብሰዋል፤ መቼ እንዳሳተሙት እንጃ። ፎቶው የተቆረጠው ከድሮ የማኅበር ፎቶ ነው፣ ትከሻዋ ላይ የአቶ ደምሴ ጣቶች ይታያሉ። እሱ ወንበር ላይ ሆኖ አንዲት ብርሃን ጠፋችብን እያለ ይናገር ነበር፣ በመሐረብ አፍና አፍንጫውን ይዞ። ሽታው እስከ መንገዱ ወጥቷል። ሴቶቹ ማን ይግነዛት ሲባል እርስ በርስ ተያዩ። አንዷ የደም ግፊት እንዳለባት ተናገረች፣ ሌላዋ አስከሬን አይቼ አላውቅም አለች። እኔን ያየኝ ሰው አልነበረም፤ አመሌን ስለሚያውቁ።

ደግ ሆኜ አይደለም የገባሁት። ውጭ ያለው ሽታ ስለባሰብኝ ነው።

ሰዓዳ ብቻዋን ናት። ሳፋ ውኃ፣ የተቆረጠ ሎሚ፣ ጨርቅ። ጀምራለች። እኔን ስታይ ሻሿን በአንጓዋ ወደ ኋላ ገፋ አደረገችው፤ ያን ሳይ ነው እትዬ በላይነሽ መሞቷ የገባኝ። በሩ ላይ ቆሜ አፍንጫዬን በእጄ ያዝኩ። ልጅቱ ሰላምም አላለችኝም፣ አልወቀሰችኝምም።

«በአፍዎ ይተንፍሱ፣ እትዬ ሸዋዬ።»

በአፌ ተነፈስኩ። ሁለት ጊዜ ወጥቼ አስመለስኩ፣ ሁለት ጊዜ ተመልሼ ገባሁ። ጓንት ይዤ አልመጣሁም ነበር። የእትዬ በላይነሽ እግር የደረሰው ለኔ ነው። ተረከዟ ተሰነጣጥቋል፣ ስንጥቁ ውስጥ የናጋድ አቧራ ገብቷል። የዚያን ሁሉ ሰው እግር ስታጥብ የሷን ያጠበ አልነበረም። እያለቀስኩ፣ እየቀፈፈኝም፣ አጠብኩት። አልለመድኩትም። ሦስት ቀን አልሞላኝም ነበር።

ገንዘን ስንጨርስ ሰዓዳ እጇን ታጥባ ከመደርደሪያው ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወረደች። አወቅሁት።

«ይሄ የርስዎ ነው» አለችኝ። «እማ በየወሩ በሃያ አንድ ብርዝ ትቀዳበት ነበር፣ እዚህ ላለው ሁሉ። እኔ አልጠጣበትም፤ አጥቤ የማስቀምጠው ግን እኔ ነኝ። ሸዋዬ ስትመጣ ስጫት፣ ተረኛዋ እሷ ናት ብላኛለች።»

«ስድስት ዓመት ሙሉ?»

«ወላሂ በየወሩ ነው የምትለኝ። ተራ አይሻርም ትል ነበር።»

በሁለት እጄ ተቀበልኩ። አመል ነውና ወደ አፍንጫዬ አስጠግቼ አሸተትኩት። ሎሚ ሎሚ ይል ነበር።

ይዤው ስወጣ አቶ ደምሴ ንግግሩን አቋርጦ ምንድን ነው እሱ አለኝ። ጽዋው ነው፣ ተራዬ ደርሶ ነው አልኩት። ቲሸርቶቹ መሐል አልፌ ቤቴ ገባሁ፣ አስቀመጥኩት፣ ለቀብር ተመለስኩ።

መጪው ሃያ አንድ እኔ ቤት ነው። ሰዓዳ ከናጋድ ሦስት ሰው ይዤ እመጣለሁ ብላኛለች፤ አንደኛው ያስለዋል፣ አንደኛዋ ቁስል አለባት። የሚጠጡት ከዚያው ጽዋ ነው፣ እኔም። ከአሁኑ እየቀፈፈኝ ነው። ሎሚ ገዝቻለሁ።